በጀርመን አሮጌ የቮልስዋገን ካምፐር ለመግዛት፦ የትኛው ሞዴል፣ ከማን ዘንድ፣ በማን አስመርምሮ

በፍራንክፈርት አካባቢ የሚኖሩ፣ ሁለት ትንንሽ ልጆች ያሏቸው ባልና ሚስት ለቅዳሜና እሑድ ሽርሽርና ለበጋ ዕረፍት የሚሆን አሮጌ የቮልስዋገን ካምፐር፣ ማለትም መኝታና ወጥ ቤት የተሰናዳለት መኪና፣ ለመግዛት አስበው የትኛውን እንደምመክራቸው ጠይቀውኛል። ተመሳሳይ ጥያቄ ያላቸው ሌሎችም ስለማይጠፉ መልሴን ሰፋ አድርጌ ጽፌዋለሁ፤ ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ከሁሉ በፊት መታወቅ ያለበት ነገር አንድ ነው፦ አሮጌ ካምፐር ሲገዛ ዋጋ የሚከፈለው ለላሜራው ነው። ሞተሩ ከደከመ ወርዶ ይታደሳል፣ መቀመጫው ካረጀ እንደገና ይለበሳል፣ የጣሪያው ሸራ ከተቀደደ አዲስ ይገኛል፤ ወለሉና የጎን ድጋፉ በዝገት የተበላ መኪና ግን ለወራት ብየዳ ላይ ውሎ ከግዢው ዋጋ በላይ ሊያስወጣ ይችላል። ስለዚህ ቀለሙ ደብዝዞ፣ ሞተሩም ደክሞ አካሉ ግን ጤነኛ የሆነው መኪና፣ አዲስ ቀለም ተቀብቶ ከሚያብረቀርቀው ይልቅ እንዲመረጥ አጥብቄ እመክራለሁ።

ለምርጫ የሚቀርቡት ሦስት ትውልዶች ናቸው። የፊት መስታወቱ ለሁለት የተከፈለው ቲ1 በ1950 ቮልፍስቡርግ ላይ መመረት ጀምሮ፣ በ1956 ወደ ሃኖቨር ተዛውሮ፣ እስከ 1967 ድረስ ተሠርቷል። ውበቱን የሚክድ የለም፤ ለቤተሰብ ጉዞ ግን አልመክረውም። ዋጋውን ሰብሳቢዎች ሰቅለውታል፤ ሳምባ የሚባለው ባለ ብዙ መስኮቱ ዓይነት በጨረታ ከ100 ሺህ ዶላር በላይ የተሸጠበት ጊዜ አለ። እስከ 1966 የተሠሩት ኤሌክትሪካቸው ባለ 6 ቮልት ስለሆነ የሌሊት መብራታቸው ደካማ ነው፤ የመጨረሻዎቹም ቢሆኑ ጉልበታቸው 44 ፈረስ ገደማ ነው። ብራዚል ይህንኑ ሞዴል እስከ 1975 ድረስ ማምረቷን ቀጥላ ስለነበር ርካሽ ቲ1 ቀረበልኝ የሚል ሰው መኪናው ከየት እንደመጣ አስቀድሞ ይጠይቅ።

ቲ2 ከ1967 እስከ 1979 በጀርመን የተመረተው፣ የፊት መስታወቱ አንድ ወጥና ሰፊ የሆነው ነው። ብዙ ሰው ካምፐር ሲል በዐይነ ኅሊናው የሚመጣለት እርሱ ነው፤ ከቲ1 ጋር ሲነጻጸርም ለመንዳት በጣም የተሻለ ነው። በዚህ ትውልድ ውስጥ ዓመቱ ብዙ ለውጥ ያመጣል። ከነሐሴ 1970 ወዲህ የተሠሩት ከፊት ዲስክ ፍሬን አላቸው፤ ልጆች ይዞ ለሚጓዝ ሰው ከዚያ በፊት ያለውን እንዳያይ እመክራለሁ። በ1971 ከቮልስ ከወረሰው 1.6 ሊትር ሞተር በተጨማሪ 66 የፈረስ ጉልበት ያለው 1.7 ሊትር ሞተር መጣ፤ ይህም በ1973 ወደ 1.8፣ በ1975 ደግሞ ወደ 2.0 ሊትር አደገ። ከሩቅ ለመለየት ፍሬቻውን መመልከት ይበቃል፦ ከፓራውርቱ በላይ ዝቅ ብሎ ከተቀመጠ የቀድሞው ነው፣ ወደ ላይ ከፍ ብሎ በአየር ማስገቢያው አጠገብ ካለ ግን ከነሐሴ 1972 ወዲህ የተሠራ ነው። ትልልቆቹ ሞተሮች በካሰል ተራሮች ዳገት ላይ የጭነት መኪና ተከትሎ ከመንቀራፈፍ ያድናሉ፤ ሆኖም ሁለት ካርቡሬተር ስላላቸው ሁለቱን አስማምቶ የሚያስተካክል ብልህ መካኒክ ይፈልጋሉ። ትንሹ 1.6 ግን በአዲስ አበባ ሲፈታና ሲገጠም የኖረው የቮልስ ሞተር ወንድም ስለሆነ፣ ከአገር ቤት ሙያውን ይዘው የመጡ መካኒኮቻችን ያለ ብዙ ችግር ይሠሩታል።

ቲ3 ከ1979 እስከ 1990 በሃኖቨር ተሠርቷል። በመልኩ ማዕዘናማ በመሆኑ ለረዥም ጊዜ ሳይከበር ቆይቷል፤ እኔ ግን ለጠያቂዎቹ ቤተሰብ የምመርጠው እርሱን ነው። ስፋቱ ከቲ2 በ12 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሚበልጥ አልጋው ለሁለት ሰው በምቾት ይበቃል፣ ማሞቂያው በእርግጥ ያሞቃል፣ በነፋስ ቀን በአውቶባን ላይም መንገዱን የተሻለ አጥብቆ ይይዛል። ከ1982 መጨረሻ ወዲህ የቤንዚን ሞተሮቹ በውኃ የሚቀዘቅዙ ሆኑ፤ ከእነርሱም 78 የፈረስ ጉልበት ያለውና ዲጂ የሚባለው 1.9 ሊትር በካርቡሬተር የሚሠራ በመሆኑ ለጥገና ቀላልና ለቤተሰብ በቂ ነው። 50 የፈረስ ጉልበት ያለውን 1.6 ሊትር ናፍጣ አልመክርም፤ ዕቃና ሰው ተጭኖ ዳገት ሲመጣ ትዕግሥት ያስጨርሳል። ናፍጣ የግድ ከተፈለገ ባለ ተርቦው 70 ፈረስ ይፈለግ። ሲንክሮ የሚባለው በአራቱም ጎማ የሚነዳው ዓይነት ግሩም ነው፤ ዋጋውና የጥገና ወጪው ግን አስፋልት ላይ ለሚጓዝ ቤተሰብ አያስፈልግም።

ቲ3 አንድ የታወቀ ሕመም አለው። በውኃ በሚቀዘቅዘው ሞተር ላይ ቴስታታው፣ ማለትም የሲሊንደሮቹ ክዳን፣ ከብሎኩ ጋር የሚገናኝበትን ጠርዝ የሚዘጋው የጎማ ጋርኒሲዮን ነው፤ የራዲያተሩ ፈሳሽ ለዓመታት ሳይለወጥ ሲቀር ወይም የማይስማማ ዓይነት ሲጨመርበት አሉሚኒየሙ እየተቦረቦረ ውኃ ማንጠባጠብ ይጀምራል። ስለዚህ ከመኪናው ሥር ገብታችሁ በሞተሩ ግራና ቀኝ መጋጠሚያውን በባትሪ መብራት እያበራችሁ ተመልከቱ፤ የደረቀ ነጭ ወይም አረንጓዴ ቅርፊት ወይም እርጥበት ካያችሁ የሁለቱን ቴስታታዎች ሥራ ከዋጋው ላይ ቀንሱ። ራዲያተሩ ከፊት፣ ሞተሩ ከኋላ ስለሆነ ውኃው በመኪናው ርዝመት በሙሉ በቱቦ ይጓዛል፤ በውስጡ የገባን አየር ለማውጣትም የመኪናው አፍንጫ በክሪክ ከፍ መደረግ አለበት። ይህን የማያውቅ ጋራዥ ውኃ ለውጦ ሲመልስላችሁ ሞተሩ በሳምንቱ ሊግል ይችላል።

ወደ ላሜራው ልመለስ፣ ጊዜያችሁን ልታጠፉበት የሚገባው እርሱ ነውና። ትንሽ ማግኔት በቀጭን ጨርቅ ጠቅልላችሁ ከበሮቹ ሥር ባለው የጎን ድጋፍ፣ በጎማ ቤቶቹ ዙሪያና ከፊት መስታወቱ በታች ባለው ጠርዝ ላይ አስኪዱት፤ ማግኔቱ የማይዝበት ቦታ ሥሩ ላሜራ ሳይሆን ስቱኮ ነው። ቀጥሎ መኪናው በሊፍት ከፍ እንዲል ጠይቁ፤ ሻጩ ለዚህ ፈቃደኛ ካልሆነ ንግግሩን እዚያው አቁሙ። አንድ ነጋዴ ዘንድ ያየሁት ቲ2 ከላይ ሲታይ እንከን አልነበረውም፤ ሥሩም ወፍራም ጥቁር መከላከያ ተቀብቶ ነበር። ክሪክ የሚገባበትን ቦታ በጠመንጃ መፍቻ እጀታ ቀስ ብዬ ስነካው ጥቁሩ ቅብ ተሰንጥቆ ቡናማ የዝገት ዱቄት ወለሉ ላይ ፈሰሰ፤ ያ ቦታ መኪናው ቢነሳበት ኖሮ ወደ ውስጥ ይገባ ነበር። የባትሪው ማስቀመጫ፣ የፊት እግር ማሳረፊያው ወለልና ከፊት አክስሉ በስተኋላ ያለው ክፍልም በቲ2 ላይ አይታለፉም። በቲ3 ደግሞ ዝገቱ የሚጀምረው ላሜራዎቹ ከተጋጠሙባቸው መስመሮች ነው፦ በእነዚያ መስመሮች ላይ ቀለሙ ከነፋ፣ በመስኮቶቹ ጎሚኒ ዙሪያ ቡናማ ጭረት ከወረደ፣ ወይም ከወጥ ቤቱ ቁም ሣጥን ጀርባ እርጥበት ከሸተተ፣ የሚታየው ከተደበቀው ያንሳል።

በአየር የሚቀዘቅዘውን ሞተር ለመመርመር ሦስት ነገሮች ይበቃሉ። ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ ከኋላ ያለውን ፑሌጃ (ቺንጊያው የሚዞርበትን ክብ ብረት) በሁለት እጅ ይዛችሁ ወደ ራሳችሁ ሳቡትና መልሳችሁ ግፉት፤ በግልጽ ከተንቀሳቀሰና ኳ የሚል ድምፅ ከሰጠ ሞተሩ ሙሉ እድሳት ይፈልጋል። ቀጥሎ በሞተሩ ዙሪያ ያለው ጎሚኒና የማቀዝቀዣ ላሜራዎቹ ሙሉ መሆናቸውን አረጋግጡ፤ እነርሱ ሲጎድሉ ከሥር የሚወጣው ሙቅ አየር ተመልሶ በቬንቲሌተሩ ስለሚገባ ሞተሩ ቀስ በቀስ ይቃጠላል። በመጨረሻም የቤንዚን ቱቦዎቹን በጣት ጎንበስ አድርጉ፤ ከተሰነጠቁ ወይም ከደረቁ ያ መኪና ወደ ቤት የሚሄደው በሌላ መኪና ላይ ተጭኖ ነው። እነዚህ መኪናዎች ሞተራቸው ከኋላ፣ ከመኝታው ሥር ስለሆነ የቤንዚን መንጠባጠብ ወደ እሳት የተለወጠባቸው ብዙዎች ናቸው።

ውስጡን በተመለከተ፣ ሬዳ ቪደንብሩክ በተባለችው የጀርመን ከተማ በሚገኘው የካምፐር አሰናጅ ድርጅት፣ በቬስትፋሊያ፣ የተሰናዳ መኪና ከሁሉ ይመረጣል፤ በቲ3 ላይ ጆከር፣ በኋላም ካሊፎርኒያ በሚባሉ ስሞች ይታወቃል። ዴቨንና ዶርሞቢል በተባሉ አሰናጆች ተሠርተው ከእንግሊዝ የሚመጡት መጥፎ ባይሆኑም አብዛኛውን ጊዜ መሪያቸው በቀኝ ነው፤ ተንሸራታች በራቸውም በመኪናው መንገድ በኩል ሊከፈት ስለሚችል ለልጆች አያስተማምንም። የቬስትፋሊያ ቁም ሣጥኖችና ፍሪጅ ተነጥለው በቀላሉ ስለማይገኙ ሙሉ ሆኖ የቀረበው ዕቃ ራሱን የቻለ ዋጋ አለው። ለልጆቹ ስትሉ ደግሞ የኋላ መቀመጫ ቀበቶ መኖሩን ከሌላው ሁሉ አስቀድሙ፤ ቀበቶ በሌለው መኪና ከሦስት ዓመት በታች ያለ ሕፃን ማጓጓዝ በጀርመን ሕግ የተከለከለ ነው።

የሚገዛበትን ቦታ በሚመለከት፣ መኪናውን ለረዥም ዓመታት ይዞ የኖረ፣ የጥገና ደረሰኞቹን በዓመት ለይቶ ያስቀመጠ ግለሰብ ከሁሉም ይሻለኛል። ነጋዴ በሕግ የዋስትና ግዴታ ስላለበት ጥቅም አለው፤ ለዚያም ዋጋ ይጨምራል፣ የመኪናውንም ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ አያውቀውም። ከካሊፎርኒያ የመጡት ላሜራቸው ደረቅ በመሆኑ ልዩ ዕድል ናቸው፤ ፀሐዩ ጎሚኒውን፣ መቀመጫውንና ክሩስኮቱን ስለሚያደርቀው ግን እነዚህን ለመተካት ገንዘብ ማስቀመጥና፣ መኪናው በጀርመን የተመዘገበ መሆኑን ወይም ገና ሙሉ ምርመራ የሚጠብቀው መሆኑን መጠየቅ ያስፈልጋል።

ምርመራውን ማን ይሥራው ለሚለው ጥያቄ መልሴ ቁርጥ ያለ ነው። ቲዩፍና ዴክራ የተባሉት የመኪና መርማሪ ድርጅቶችና አዳክ የተባለው የአሽከርካሪዎች ማኅበር የሚሰጡት የአሮጌ መኪና ምርመራ ለፍሬን፣ ለጎማና ለመሪ አስተማማኝ ነው፤ የአሮጌ መኪና ዋጋ ገማቹ ክላሲክ ዳታ የሚያወጣው ግምት ለኢንሹራንስ ይጠቅማል፣ መኪናውንም ከ1 እስከ 5 ባለው ደረጃ ይመድባል። ሁለቱም ግን ስቱኮው ከየት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ እንዲህ ያሉትን አሮጌ የቮልስዋገን መኪናዎች ብቻ የሚሠራ ጋራዥ ባለቤትን ያህል አያውቁም። ለእንዲህ ያለው ሰው የሁለትና የሦስት ሰዓት ሥራውን ከፍላችሁ ይዛችሁት ሂዱ። በዚያው በሄሰን፣ ባድ ካምበርግ ላይ በየአራት ዓመቱ የሚደረገው የአሮጌ ቮልስዋገኖች ስብሰባ እንዲህ ያሉ ባለሙያዎችን ለመተዋወቅ ጥሩ አጋጣሚ ነው። ከመግዛት በፊት ተመሳሳዩን ሞዴል ለአንድ ቅዳሜና እሑድ መከራየትም ከማንኛውም ምክር ይበልጣል፤ ልጆች ከጣሪያው አልጋ ላይ ይተኙ እንደሆነ የሚታወቀው ያኔ ነው።

በሰነድ በኩል፣ 30 ዓመት የሞላውና እንደ መጀመሪያው አሠራሩ ተጠብቆ የቆየ መኪና ኤች የሚል ፊደል ያለበት ሰሌዳ ያገኛል፤ ዓመታዊ ግብሩም የሞተሩ መጠን ሳይታይ 191.73 ዩሮ ይሆናል፣ የአካባቢ ጥበቃ ክልል ወደሆኑ ከተሞች ያለ ተለጣፊ መግባትም ይፈቀድለታል። ሻጩ ሰሌዳውን እንደሚያገኝ ቃል ሲገባ ሳይሆን ሰሌዳው ተለጥፎ ስታዩ ብቻ በዋጋው ውስጥ ቁጠሩት። የሻንሲ ቁጥሩን ከሰነዱ ጋር በፊደል በፊደል አስተያዩ። በቲ2 ላይ በአብዛኛው ከፊት ወንበር ጀርባ የምትገኘው ትንሽ የላሜራ ጽሑፍ መኪናው መቼ፣ በምን ቀለምና ለየትኛው አገር እንደተሠራ በኮድ ስለምትናገር፣ ከሻጩ ታሪክ ጋር ማመሳከሩ ተገቢ ነው። የጋዝ ምድጃ ካለው በየሁለት ዓመቱ የሚደረገውን የጋዝ ምርመራ ወረቀት ጠይቁ። መኪናውን ወደፊት ወደ አገር ቤት እንወስደዋለን ብላችሁ የምታስቡ ካላችሁ፣ ኢትዮጵያ ከ2024 ወዲህ የቤንዚንና የናፍጣ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መከልከሏን ከስሌታችሁ አትርሱ።

መለዋወጫ ለማግኘት ቮልስዋገን ክላሲክ ፓርትስ እንዲሁም በጀርመን ቡስ ኦኬ የተባለው ሱቅ ጥሩ ምንጮች ናቸው። በእንግሊዝ የሚገኘው ጀስት ካምፐርስ ክምችቱ ሰፊ ቢሆንም፣ እንግሊዝ ከአውሮፓ ኅብረት ከወጣች ወዲህ ቀረጥና ግብር ስለሚጨመርበት ለትንሽ ዕቃ አያዋጣም።

ከገዛችሁ በኋላ ባለው የመጀመሪያ ሳምንት፣ ገና የትም ሳትሄዱ፣ የቤንዚን ቱቦዎችን ከነማሰሪያቸው በሙሉ አስለውጡ፤ የፍሬን ፈሳሹን፣ የሞተሩን ዘይትና፣ ቲ3 ከሆነ፣ የራዲያተሩን ፈሳሽ ፎስፌት በሌለበት ዓይነት አስተኩ፤ በአየር የሚቀዘቅዝ ከሆነ ደግሞ ሞተሩ በርዶ ሳለ ባልቮላው ይስተካከል። በጎማዎቹ ጎን ላይ ያለውን ባለ አራት አኃዝ የምርት ቀን አንብቡ፤ ጥርሱ ያላለቀ ቢሆን እንኳ ከአሥር ዓመት በላይ የሆነውን አውጡት። የእሳት ማጥፊያውን ሾፌሩ ከወንበሩ ሳይነሳ በሚደርስበት ቦታ አስገጥሙ፤ የመጀመሪያውንም ጉዞ ጋራዣችሁ ካለበት ከተማ ብዙ ሳትርቁ አድርጉት።