ጥያቄ፦ ለ12ኛ ክፍል ልጆች በሳምንት 40 ደቂቃ የምክር ሰዓት ተፈቅዶልናል፣ በምን ልሙላው?

መሐል ሜዳ (ጠያቂ)
ጤና ይስጥልን። መንዝ ውስጥ 12ኛ ክፍል አስተምራለሁ። መብራት ይጠፋል፣ ኔትወርክም አያስተማምንም። አገር አቀፍ ፈተናውን፣ የዩኒቨርሲቲ ምርጫውን፣ የወደፊት ሥራውን፣ የቱን ላስቀድም? “ጎበዝ፣ አንብቡ” ሰልችቷቸዋል።

ጣርማበር
መምህር፣ ከነጥቡ ስሌት ይጀምሩ። ስድስት ትምህርት ከ100፣ ድምሩ 600፣ ማለፊያው 300። የሚታየው ድምሩ ስለሆነ በፊዚክስ 35 ያመጣ ልጅ በአፕቲትዩድ (የማመዛዘን ችሎታ ፈተናው) 65 ካገኘ ተካካሰ። አፕቲትዩድ ደግሞ አስተማሪ የለውም፤ ከስድስቱ የተረሳው እሱ ነው። የእርስዎን 40 ደቂቃ ለሱ ይስጡት፦ 20 ጥያቄ ኮፒ አድርገው በ25 ደቂቃ ያሠሯቸው፤ በቀረው 15 ደቂቃ እያንዳንዱ ልጅ ከሳተው ጥያቄ አጠገብ “አላውቀውም”፣ “ቸኮልኩ” ወይም “ጥያቄውን በቅጡ አላነበብኩም” ብሎ ይጻፍ። ከወር በኋላ ደብተሩን ቢያዩት ለማን ምን እንደጎደለው ይለያል። “ቸኮልኩ” የበዛበትን ልጅ ተጨማሪ ንባብ አይፈውሰውም፣ በሰዓት መለማመድ እንጂ።

አለልቱ
በዚያ ላይ መልስ መስጫ ወረቀቱን ያለማምዷቸው። ከባዱን ጥያቄ ዘሎ መስመሩን ሳይዘል የሚያጠቁር ልጅ ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉ በአንድ ቁጥር ያዛንፋል። መፍትሔው በየአምስት ጥያቄው ቁጥሩን ማመሳከር ነው። የጥያቄ ቡክሌቱን ኮድ መጀመሪያ ያጥቁሩ፤ ሲያጠፉ ደግሞ ጥርት አድርገው። ፈተናው በአብዛኛው የሚሰጠው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ነው፣ ስልክ አይገባም፤ ሰዓት በስልክ ብቻ የሚያይ ልጅ ከአሁኑ ይላመድ። ፈተናው በኮምፒውተር የሚሰጥባቸው ማዕከላትም ስላሉ አንድ ቀን እንኳ ማውስ ያስነኳቸው።

ስምንም አይርሱ! በ8ኛ ክፍል ሰርተፊኬት፣ በትራንስክሪፕትና በፋይዳ መታወቂያ ላይ የእንግሊዝኛ አጻጻፉ ከተለያየ ጣጣው የሚመጣው ዩኒቨርሲቲ በር ላይ ነው። አሁን ይስተካከል።

መሐል ሜዳ
እግዜር ይስጥልኝ። ምርጫውስ? ሁሉም “ጤና” ነው የሚሉኝ።

ደብረ ብርሃን
ልጆቹ ዩኒቨርሲቲና የትምህርት ክፍል ያምታታሉ። የትምህርት ክፍል ምደባው በአብዛኛው በመጀመሪያ ዓመት ውጤትና በመግቢያ ፈተናው ነው የሚመዘነው። ስለዚህ ፍሬሽማንን (ያንን የመጀመሪያ ዓመት) እንደ ዕረፍት የሚቆጥር ልጅ ጤናን እዚያው ያጣታል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና ሁለቱ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲዎች (የአዲስ አበባውና የአዳማው) የራሳቸው መግቢያ ፈተና ስላላቸው ማስታወቂያቸውን ለብቻ መከታተል ነው። ከ2015 ወዲህ ደግሞ የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂ ሁሉ የመውጫ ፈተና ይፈተናል፣ ማለፊያው 50 በመቶ፤ ሳይወዱት የገቡበት ክፍል እዚያ ላይ ያስከፍላል።

ለሥራው ነገር ደብረ ብርሃንን ይጠቀሙበት። የብርድ ልብስ ፋብሪካው፣ ቢራ ጠማቂዎቹ፣ ኢንዱስትሪ ፓርኩ አሉ። ለጉብኝት ከወሰዷቸው ማሽኑን አይተው ብቻ አይመለሱ፤ ጥገናው፣ የጥራት ላቦራቶሪው፣ ሂሳብ ክፍሉ ምን የተማረ እንደሚቀጥሩ ይጠይቁ። ግብርና ምርምር ማዕከሉ የመንዝን በግ ዝርያ ያሻሽላል። እንስሳት ሳይንስን የሚንቅ የመንዝ ልጅ ግን በየቤቱ ሞልቷል፣ ይገርማል።

መሐል ሜዳ
300 ያልሞላላቸውስ? የሚበዙት እነሱ ናቸው።

ጣርማበር
ሪሚዲያል (ማለፊያው ለጎደላቸው የሚሰጥ ማካካሻ ትምህርት) አለ፤ መቁረጫ ነጥቡን ሚኒስቴሩ በየዓመቱ ያወጣል። ልጆቹ ማወቅ ያለባቸው ሪሚዲያል ገብቶ መውደቅም እንዳለ ነው። ሁለተኛው መንገድ ፖሊ ቴክኒክ ነው፤ በደረጃ ተከፋፍሎ ይሰጣል፣ በየደረጃው የብቃት ምዘና አለው። ኤሌክትሪክ ወይም አውቶ የሚፈልግ ልጅ ነጥቡ ሲጎድል ብቻ ሳይሆን አስቀድሞም ሊመርጠው ይገባል። ወላጆችን ጠርተው ይህን ውጤት ሳይወጣ ይንገሯቸው፤ ከወጣ በኋላ የሚሰማ የለም።