ክርክር፦ የእርሻ ድጎማ ከአፈር ፈንገሶች ጥበቃ ጋር ይያያዝ?

አወያይ፦ ለውይይት የቀረበው ሐሳብ፣ መንግሥታት ለገበሬ የሚሰጡትን ድጎማ ደጋግሞ ማረስን ለሚቀንሱ ብቻ ይስጡ የሚል ነው።

ደጋፊ፦ እስማማለሁ። የበቆሎ ሥር አጥቦ፣ በቀለም ነክሮ በማይክሮስኮፕ ያየ ሰው፣ ማይኮራይዛ የሚባለው ፈንገስ በሥሩ ሕዋስ ውስጥ እንደ ትንሽ ዛፍ ቅርንጫፍ አውጥቶ ያገኘዋል። ፈንገሱ ሥሩ ከማይደርስበት ቦታ በቀጫጭን ክሮቹ ፎስፈረስ ያመጣል፤ ተክሉም በፀሐይ ብርሃን ከሠራው ስኳር ያካፍለዋል። ማረሻ ይህን መረብ በየወቅቱ ሲበጣጥሰው፣ ከቁራጭ ክር ቶሎ የሚያገግሙት ጥቂት ዝርያዎች ይተርፋሉ፤ አዝጋሚዎቹ ግን እየተመናመኑ ይሄዳሉ።

ተቃዋሚ፦ ብዝኃነቱ መቀነሱን አልክድም፤ የዝርያው ቁጥር ከምርቱ ጋር ያለው ግንኙነት ግን አልታየኝም። ጎመንና ሰናፍጭ ከእነዚህ ፈንገሶች ጋር ጭራሽ ሳይጣመሩ ይበቅላሉ። ደግሞስ ማረሻ ሲቀር አረሙን ምን እናድርገው? ብዙውን ጊዜ በማረሻው ምትክ የሚገባው አረም ማጥፊያ ኬሚካል ነው፤ ይህን ጥበቃ ብሎ መጥራት ይከብደኛል።

ሌላ ተሳታፊ፦ ሁለታችሁም ማረሻው ላይ ብቻ አተኮራችሁ። በስዊዘርላንድ ከባዝል ከተማ አጠገብ፣ እ.ኤ.አ. ከ1978 ጀምሮ የተፈጥሮ ማዳበሪያ ብቻ የሚጠቀምና የተለመደው ዓይነት እርሻ ጎን ለጎን የሚፈተሹበት ማሳ አለ። የሰብል ፈረቃውም ሆነ አስተራረሱ በሁለቱም ተመሳሳይ ነው፤ ሆኖም ከ20 ዓመት በላይ ክትትል በኋላ፣ ፈንገሱ የያዘው የሥር ርዝመት በተፈጥሮ ማዳበሪያው እርሻ 40 በመቶ ያህል በልጦ ተገኝቷል። ስለዚህ ልዩነቱን ያመጣው ማረሻው ሊሆን አይችልም። እኔ በዋናነት የምጠረጥረው የማዳበሪያውን ብዛት ነው፤ ተክል ፎስፈረስ በእጁ ሲሞላለት ስኳሩን ለፈንገስ አይከፍልምና። እውነቱን ላለመደበቅ፣ በዚሁ እርሻ ምርቱም በ20 በመቶ ገደማ አንሷል፤ የገባው ማዳበሪያና ኃይል ግን ከ34 እስከ 53 በመቶ ቀንሷል።

ተቃዋሚ፦ ይህ ከሆነ ቅድመ ሁኔታው ይቀየር። በአፈር ምርመራ ፎስፈረስ የተትረፈረፈበት ማሳ ላይ ተጨማሪ ለሚበትን ድጎማ ቢከለከል አልቃወምም፤ አፈሩ በደኸየበት ማሳ ላይ ግን ያው ደንብ ገበሬውን ይቀጣል።

ደጋፊ፦ በፎስፈረሱ ተስማምተናል። ሆኖም ዓመት ከዓመት አንድ ሰብል ብቻ የሚዘራበት ማሳስ? አንድ ዓይነት ሥር ብቻ ባለበት አፈር የፈንገሱም ዓይነት መመናመኑ አይቀርም፤ የሰብል ፈረቃ በደንቡ ካልገባ ፊርማዬን አልሰጥም።