የግልግል ዳኝነት በደንብ የሚያውቅ ጠበቃ እንዴት ላግኝ?

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ከንግድ ሸሪኬ ጋር በትርፍ ክፍፍል ተጣልተናል። ውላችን ማንኛውም አለመግባባት በግልግል ዳኝነት፣ ማለትም ከፍርድ ቤት ውጭ በሚሾሙ ገላጋይ ዳኞች፣ ይታያል ይላል። ፍርድ ቤት ብሄድ ሸሪኬ ይህን አንቀጽ ጠቅሶ መቃወሚያ ማቅረብ ይችላል። ስለዚህ መንገዱን አውቄዋለሁ፤ የጎደለኝ ሰው ነው።

ያነጋገርኳቸው ጠበቆች በችሎት ክርክር ጎበዞች ናቸው። ግን ግልግል ዳኝነትን ከሽምግልና ጋር ያምታቱታል። ሽማግሌ ለማስማማት ይሞክራል፤ እምቢ ካልን ነገሩ እዚያው ይቀራል። ገላጋይ ዳኛ ግን ይወስናል፣ ውሳኔውም ያስገድዳል። ይግባኝ የማለት ዕድሉ ደግሞ በጣም ጠባብ ነው። የምጨነቀው ለዚህ ነው።

ሌላው ጣጣ፣ ውሉ ገላጋዮቹ ስንት እንደሆኑና ማን እንደሚሾማቸው አይናገርም። ይህን ክፍተት መሙላት የሚችል ጠበቃ እፈልጋለሁ። የገላጋዮቹን ክፍያ የምንሸፍነው እኛው ተከራካሪዎቹ ስለሆንን፣ ወጪውን ቀድሞ በግልጽ የሚነግረኝ ቢሆን ደስ ይለኛል።

በዚህ ያለፋችሁ እባካችሁ ንገሩኝ። ጠበቃችሁን ከጠበቆች ማኅበር ነው ወይስ ከግልግል ማዕከል ጠይቃችሁ ያገኛችሁት? ከመቅጠራችሁ በፊትስ ምን ጠየቃችሁት? እኔ እስካሁን የያዝኩት አንድ ጥያቄ ነው፦ «ከዚህ በፊት በገላጋይ ዳኞች ፊት ቀርበው እስከ ውሳኔ የደረሱበት ጉዳይ አለ?»