ክርክር፦ የጎብኚ መኪና ሳንቃ በር ላይ ይቁም ወይስ ጨነቅ ድረስ ይዝለቅ?

አስተባባሪ
«ሳይታዩ መሞት የሌለባቸው ቦታዎች» ብለን ዝርዝር ስንሰበስብ ስሜን ተራሮችን ያልጻፈ አንድም ሰው የለም። አለመግባባቱ «እንዴት ይታይ?» የሚለው ላይ ነው። አንዱ ወገን «ከጎንደር ሌሊት ተነስቶ፣ በመኪና ጨነቅ የተባለው የፓርኩ ማደሪያ ቦታ ደርሶ፣ ማታ ጎንደር ፒያሳ መግባት ይቻላል» ይላል። ሌላው ወገን «የጎብኚ መኪና ከጨነቅ በፊት ባለው ማደሪያ፣ ሳንቃ በር ላይ ይቁም፤ ከዚያ ወዲያ በእግርና በበቅሎ ይሁን» ይላል። በፓርኩ መንገድ የጃናሞራ ወረዳ ሕዝብ የሚመላለስበት አውቶብስና የጭነት መኪና ጥያቄው ውስጥ አልገባም። በሰዓትና በሜትር እያስረዳችሁ ተከራከሩ።

አስጎብኚ፣ ደባርቅ
ይቁም። መጀመሪያ መንገዱ የት የት እንደሚያልፍ እንይ። የመኪናው መንገድ ከገደሉ ጠርዝ ራቅ ብሎ በጀርባ በኩል ነው የሚሄደው፤ ስሜንን ስሜን ያደረገው ደግሞ ጠርዙ ነው። ከሳንቃ በር (3,250 ሜትር ገደማ) በእግር የሚነሳ ሰው የጅንባርን ፏፏቴ ከማዶ ሆኖ ያያል፣ ወደ ጅንባር ወንዝ ይወርዳል፣ ከዚያ ግጭ ሜዳ ላይ ይወጣል። አምስት ወይም ስድስት ሰዓት ይፈጃል። ግጭ 3,600 ሜትር ነው፤ ጅብራ የሚባለው ረጅም ተክል በጓሳ ሳር መካከል እንደ ምሰሶ ተተክሎ የሚታየው እዚያ ነው። በማግስቱ እመት ጎጎ፣ 3,926 ሜትር። ሦስቱም ጎኑ ገደል ነው። ከዚያ በእናትዬ በኩል፣ ከ4,000 ሜትር በላይ እየተሄደ፣ ጨነቅ ይገባል፤ ከሰባት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይፈጃል። እመት ጎጎ የሚያደርስ የመኪና መንገድ የለም። በመኪና ጨነቅ የደረሰ ሰው መሐሉን ዘሎት ነው የሄደው።

ሌላው እንጀራው ነው። ሦስት ሌሊት የሚያድር ቡድን ለአስጎብኚ፣ ለስካውት (ለፓርኩ ታጣቂ ጠባቂ)፣ ለወጥ ቤትና ለባለ በቅሎ ሥራ ይሰጣል። ደርሶ መልስ ከሆነ ግን ስካውቱ የአንድ ቀን አበሉን ያገኛል፣ ባለ በቅሎው ምንም አያገኝም። ያ ባለ በቅሎ ከፓርኩ የሚያገኘው ነገር ከሌለ ከብቱን ወደ ጓሳው ባይነዳ ነው የሚገርመኝ።

ሾፌር፣ አዘዞ
ይዝለቅ። ስሜን ጉልበት ላለው ብቻ የተሠራ አይደለም። ጉልበቷን የሚያማት እናት፣ የስምንት ዓመት ልጅ፣ በክራንች የሚሄድ ሰው ግጭ ዳገት ላይ አይወጡም፤ ጨነቅ ግን ከመኪና ወርደው ጥቂት እርምጃ ሲሄዱ ገደሉም ጭላዳ ዝንጀሮውም ከፊታቸው ነው።

ሰዓቱን ላስቀምጥ። ከጎንደር ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት በኩል ሁለት ሰዓት ተኩል ያዙ። ሌሊት 10 ሰዓት የተነሳ 12 ተኩል ላይ ደባርቅ ነው። የመግቢያ ክፍያና ስካውት እዚያው ደባርቅ ካለው የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ነው የሚገኘው፤ ለዚህ አንድ ሰዓት መድቡ። ብዙ ሰው ቀኑ የሚበላሽበት እዚሁ ላይ ነው፤ መንገዱን ያሰላና ወረፋውን ይረሳዋል። ከዚያ ኮረኮንች ነው፤ ሳንቃ በር ከአንድ ሰዓት በላይ፣ ጨነቅ ከሁለት ሰዓት በላይ። 4 ሰዓት ላይ ጨነቅ ይደረሳል። ከ8 ሰዓት በኋላ ጨነቅ መቆየት አይገባም፤ ጉም ከተነሳ ጠመዝማዛው ላይ የፊት መብራት የሚረዳው ጥቂት ነው። ቁልቁለቱን በከባድ ማርሽ ውረዱ። ፍሬን እየረገጠ የሚወርድ ሰው ሸራው ይሞቅና ፔዳሉ ባዶ ይሆንበታል። ነዳጅ ደባርቅ ላይ ሞልታችሁ ውጡ፤ ትርፍ ጎማም ሁለት ይሁን።

አሁን ጥያቄዬን ልጠይቅ። ሳንቃ በር ላይ 20 መኪና ቢቆም የት ነው የሚቆመው? ሳሩ ላይ?

ነርስ፣ ማራኪ
ሁለታችሁም ከፍታውን ዘላችሁታል። ጎንደር 2,100 ሜትር ገደማ ናት፤ ጨነቅ 3,620። በአንድ ጠዋት 1,500 ሜትር መውጣት ማለት ነው። ሰውነት የሚለምደው በሌሊት ነው፤ ስለዚህ የሚቆጠረው የወጣችሁበት ሳይሆን ያደራችሁበት ከፍታ ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ የማደሪያው ከፍታ በአንድ ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ ባይጨምር ይመረጣል።

በዚህ ስሌት አደገኛው የሾፌሩ ደርሶ መልስ አይደለም። አደገኛው የመጀመሪያውን ሌሊት ጨነቅ ማደር ነው። በመኪና ወጥቶ ማታ ጎንደር የሚመለስ ሰው ራስ ምታት ሊይዘው ይችላል፤ ወደ ከባዱ ደረጃ ሳይደርስ ግን ይወርዳል። በመኪና ወጥቶ እዚያው ድንኳን የሚተክል ሰው ግን ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ሲያስመልሰው መኪናውም ሾፌሩም ላይኖሩ ይችላሉ። ትክክለኛው ቅደም ተከተል ደባርቅ (2,850 ሜትር ገደማ)፣ ሳንቃ በር፣ ግጭ፣ ከዚያ ጨነቅ ነው።

ምልክቱን ለዩ። ራስ ምታት፣ ምግብ መጥላት፣ ማቅለሽለሽና እንቅልፍ ማጣት ከታየ ከፍታ አይጨመር፤ እዚያው ይታረፍ። ቀጥ ባለ መስመር ተረከዝን ከጣት እያስነኩ መራመድ ካቃተው፣ ወይም ተቀምጦም ትንፋሽ ካጠረው፣ ሌሊትም ቢሆን ይውረድ። እስኪነጋ አይጠበቅም። ቢያንስ ከ300 እስከ 1,000 ሜትር መውረድ ያስፈልጋል። አሴታዞላማይድ የሚባለውን ኪኒን ለመከላከል የሚወስዱ ሰዎች አሉ፤ የተለመደው መጠን 125 ሚሊግራም በቀን ሁለት ጊዜ፣ ከመውጣቱ አንድ ቀን ቀድሞ ነው። የሰልፋ መድኃኒት አለርጂ ያለበት ግን ሐኪም ሳያይ አይንካው።

መምህር፣ ፒያሳ
እኔ ይቁም ከሚሉት ወገን ነኝ፤ ምክንያቴም የፓርኩ ታሪክ ነው። ስሜን በ1969 እ.ኤ.አ. (ቀጥሎ ያሉትም ዓመቶች በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ብሔራዊ ፓርክ ሆነ፤ በ1978 ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት መዘገበው። የኛው ፋሲል ግቢ የተመዘገበው በዓመቱ፣ በ1979 ነው። በ1996 ስሜን አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ገባ፤ ዋልያው እየቀነሰ፣ እርሻውና ግጦሹ እየገፋ፣ መንገዱም ፓርኩን እየሰነጠቀ ስለነበር። ከዚያ መዝገብ የወጣው በ2017 ነው። ሃያ አንድ ዓመት ፈጀ። የግጭ ነዋሪዎች መንደራቸውን ለቀው ደባርቅ ገብተዋል። እነሱ ቀዬአቸውን ትተው እኛ መኪናችንን ሳንቃ በር ላይ ለማቆም እንከራከራለን? ፋሲል ግቢ ውስጥ መኪና ይግባልን ብሎ የጠየቀ ሰው አለ?

ሾፌር፣ አዘዞ
መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ማነጻጸሪያው አይሆንም። ግቢው 7 ሄክታር ነው፤ አረጋዊም ልጅም በእግሩ ይዞረዋል። ፓርኩ ከተስፋፋ በኋላ 412 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። የግጭ ሰዎችን ጉዳይ ግን እቀበላለሁ፤ ከባድ ነገር ነው የተናገሩት።

ቢሆንም የጃናሞራ አውቶብስ በዚያው መንገድ እያለፈ የጎብኚን ሚኒባስ ብቻ ማስቆም ለዋልያው ምን ይለውጥለታል? አቧራው ያው አቧራ ነው።

አስጎብኚ፣ ደባርቅ
ወንድሜ፣ ልዩነት አለው። አውቶብሱ ያልፋል፤ የጎብኚ መኪና ይቆማል። ጉዳቱ የሚመጣው በመቆሙ ነው። ጭላዳ ሌሊቱን ገደል ላይ አድሮ ጠዋት ፀሐይ ስትሞቅ ወደ ሜዳው ይወጣል፤ ምግቡ ሳር ነው፣ ቀኑን ሙሉ ቁጭ ብሎ ይነጫል። መኪና ቆሞ ብስኩትና ዳቦ የተወረወረለት መንጋ ግን መኪና ጠባቂ ይሆናል። አንድ ጊዜ የለመደ ወንድ ጭላዳ ልጅ ከእጁ የያዘውን ይነጥቃል፣ ጥርሱም ትልቅ ነው። ዋልያውም ከጨነቅ በላይ ባለው ገደልና ወደ ቧሂት ተራራ በሚወስደው ዳገት ላይ ጠዋትና አመሻሽ ነው በደንብ የሚታየው። የሾፌሩን ሰዓት ተመልከቱት፦ 4 ሰዓት ደርሶ 8 ሰዓት መነሳት። ዋልያው ገደል ውስጥ ጥላ የሚይዝበት ሰዓት ነው። ዋልያ ለማየት ብሎ የሄደ ሰው በብዛት ሳያይ ይመለሳል።

ተማሪ፣ ቴዎድሮስ ካምፓስ
ስለ ገንዘብ የተናገረ የለም። ጎንደር ተወልደን ስሜንን ፎቶ ላይ ብቻ የምናውቅ ብዙ ነን። አራት ቀን ከአስጎብኚ፣ ከወጥ ቤትና ከበቅሎ ጋር የተማሪ ኪስ አይችለውም። ደርሶ መልስ ከጠፋ እኛም ጠፋን።

ሆኖም ደርሶ መልስ ማለት የግድ ጨነቅ ማለት አይደለም። አሥራ ሁለት ሆነን አንድ ሚኒባስ እንከራይ። መኪናው ከሳንቃ በር በፊት ባለው ቡይት ራስ ላይ ያውርደንና ባዶውን ሳንቃ በር ሄዶ ይጠብቀን። እኛ ከስካውቱ ጋር የገደሉን ጠርዝ ይዘን ሳንቃ በር ድረስ በእግር እንሂድ፤ ጭላዳው በብዛት ያለው በዚሁ መሥመር ነው። ጊዜ ከተረፈ የጅንባርን ፏፏቴ ማየት ይቻላል። መኪናው ከሳንቃ በር አላለፈም፣ ወጪው የአንድ ቀን ነው፣ ከፍታው ከ3,300 ሜትር ብዙም አይበልጥም። ስለዚህ «ይቁም» ማለት «ድሃ አይይ» ማለት አይደለም።

ነርስ፣ ማራኪ
እህቴ ያልሽው መሥመር ለመጀመሪያ ቀን ከሁሉም የተሻለ ነው። ውሃ በሰው ሁለት ሊትር ያዙ፤ ባርኔጣና የፀሐይ ቅባትም አይረሳ፤ ብርዱ ፀሐዩን ያስረሳል እንጂ አያጠፋውም። ከወንዝ የሚቀዳ ከሆነ በዚያ ከፍታ ውሃ ከ90 ዲግሪ በታች ነው የሚፈላው፤ ከፈላ በኋላ ሦስት ደቂቃ ይቆይ። ለሚያድሩትም፦ ክክ እዚያ ቶሎ አይበስልም፣ ጋዝ ይጨርሳል። ሽሮ፣ በሶና ቆሎ ያዙ።

አስጎብኚ፣ ደባርቅ
የልብስ ነገር ከተነሳ፣ ከኅዳር እስከ ጥር ግጭና ጨነቅ ሌሊት ከዜሮ በታች ይወርዳል፤ ድንኳኑ ላይ ውርጭ ያድራል። በጋቢ ብቻ አይታደርም። ክረምቱ አልፎ ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ ያለው ጊዜ ነው ጥሩው፦ መሬቱ አረንጓዴ፣ አየሩ የጠራ። ከየካቲት በኋላ ደመና አልባ ቢሆንም አቧራና ጭጋግ እይታውን ያደበዝዘዋል። በቅሎም ከ45 ኪሎ በላይ አይጫን። ጭነቱ በሁለቱም ጎን እኩል ካልተመዘነ ጅንባር ቁልቁለት ላይ ኮርቻው ይዞርና ዕቃውም በቅሎዋም ይጎዳሉ።

ከመነሳታችሁ በፊት ባለው ቀን ደግሞ የመንገዱን ጸጥታ ደባርቅ ደውላችሁ ጠይቁ። ይሄ በምንም ምክንያት የሚዘለል አይደለም።

መምህር፣ ፒያሳ
ከዝርዝሩ ላይ ብዙ ሰው «ራስ ደጀን ጫፍ» ብሎ ጽፏል። እሱስ በመኪና ይሁን ሊባል ነው?

አስጎብኚ፣ ደባርቅ
መምህር፣ እውነቱን ልንገርዎት፤ አምስት ቀን ብቻ ላለው ሰው ራስ ደጀንን አልመክርም። ከፍታው 4,550 ሜትር ገደማ ነው፤ የሚከብደው ግን ከፍታው ሳይሆን መንገዱ ነው። ከጨነቅ ተነስተው የቧሂትን በር ከ4,000 ሜትር በላይ ያቋርጣሉ፣ ከዚያ እስከ መሸሃ ወንዝ፣ 2,800 ሜትር ገደማ ድረስ ይወርዳሉ፣ እንደገና አምቢቆ 3,200 ሜትር ላይ ወጥተው ያድራሉ። በማግስቱ ሌሊት 10 ሰዓት ተነስቶ 1,350 ሜትር ዳገት ወጥቶ መመለስ፣ ከስምንት እስከ አሥር ሰዓት። ሰው የሚሸነፈው ግን በሦስተኛው ቀን ነው፦ ከመሸሃ ወደ ቧሂት በር የሚመልሰው ዳገት በደከመ እግር። ጫፉን ብቻ አስበው የመጡ እዚያ ላይ በቅሎ ይጠይቃሉ፤ በቅሎ ካልተያዘ የለም።

በምትኩ ከጨነቅ ቧሂትን ይውጡ። 4,430 ሜትር ነው፤ ሦስት ሰዓት መውጫ፣ ሁለት ሰዓት መውረጃ። ራስ ደጀን ከመሸሃ ማዶ ተዘርግቶ ይታያል፣ ዋልያም በመንገድ ላይ የመገኘት ዕድሉ ከፍ ያለ ነው።

ተማሪ፣ ቴዎድሮስ ካምፓስ
ጫፉን የሚፈልግ ሰውስ? በሕይወቱ አንዴ ከሆነ ስምንት ቀን ይመድብ እንጂ ይተወው አይባልም።

አስጎብኚ፣ ደባርቅ
ስምንት ቀን ካለው እኔም አብሬው እወጣለሁ። አምቢቆ ላይ ግን ሁለት ሌሊት ይደር።

ሾፌር፣ አዘዞ
የተማሪዋ ሐሳብ አሳምኖኛል፤ ለጤነኛ ሰው ሳንቃ በር ይበቃል። ሦስት ነገር ግን መጀመሪያ ይሟላ። አንደኛ፣ ሳንቃ በር ላይ ጠጠር የፈሰሰበት የመኪና ማቆሚያ፣ ከሳሩ በድንጋይ የተለየ። ሁለተኛ፣ ሽንት ቤት፤ 100 ሰው በአንድ ቀን አስታ ቁጥቋጦ ሥር የሚጸዳዳ ከሆነ የጅንባርን ውሃ የሚጠጡት ከታች ያሉት ናቸው። ሦስተኛ፣ አረጋዊና አካል ጉዳተኛ የያዘ መኪና ደባርቅ ላይ የማለፊያ ወረቀት ይሰጠው፤ በቀን ከአምስት አይብለጥ፣ ጨነቅ ላይም ከተመደበለት ቦታ ውጭ አይቁም።

አስጎብኚ፣ ደባርቅ
አምስቱን ሦስት አድርጋቸውና እስማማለሁ። ስካውቱም መኪናው ውስጥ ይግባ፤ ብስኩት በመስኮት ሲወረወር የሚከለክለው እሱ ብቻ ነው።

ሾፌር፣ አዘዞ
ሦስት ያንሳል። ጥር 11ን ጎንደር ያከበረ ሰው በማግስቱ አባቱንና እናቱን ይዞ ነው ወደ ስሜን የሚወጣው። በዚያ ሳምንት ሦስት ወረቀት ለማን ይዳረሳል?