የስዊድን አሜሪካን ፉትቦል፦ የሕዝብ ገንዘብ ለታላቅ ግጥሚያ ወይስ ለክለብ?

የመከራከሪያ ጥያቄ፦ የስዊድን ማዘጋጃ ቤቶች ታላላቅ የአሜሪካን ፉትቦል (ኳስ በእጅ ተይዞ የሚሮጥበት ጨዋታ) ግጥሚያዎችን ለማስተናገድ የሕዝብ ገንዘብ ማውጣት ይገባቸዋልን? ተከራካሪዎች ማስረጃቸውን በተለይ ስፖርቱ በአካባቢው ከጀመረበት ዘመን እንዲያቀርቡ ተጠይቀዋል። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከጎተንበርግ፣ በመደገፍ፦
ይገባቸዋል። በኦገስት 1988 ከአሜሪካ ፕሮፌሽናል ሊግ (ኤንኤፍኤል) ቡድኖች አንዱ የሆነው ሚኒሶታ ቫይኪንግስ በከተማችን ኡሌቪ ስታዲየም ሌላውን የሊጉን ቡድን ቺካጎ ቤርስን 28 ለ 21 ሲረታ፣ ጨዋታውን በወሬ ብቻ ያውቅ የነበረው ተመልካች በዓይኑ አየው። ግጥሚያው እዚህ መደረጉም ያለ ነገር አልነበረም፤ በ19ኛው መቶ ዓመት ወደ አሜሪካ ከተሰደዱት ስዊድናውያን እጅግ ብዙዎቹ የተሳፈሩት ከጎተንበርግ ወደብ ሲሆን፣ ከእነዚሁ ስደተኞች ብዙዎች የሰፈሩት በሚኒሶታ ግዛት ስለነበረ፣ ቡድኑ የመጣው እንደ ዘመድ እንጂ እንደ ባዕድ አይደለም። እንዲህ ያለውን ዕድል የክለብ አባላት ከኪሳቸው አዋጥተው ሊያመጡት አይችሉም።

ከስቶክሆልም፣ በመቃወም፦
ወንድሜ ያነሡት ግጥሚያ እውነት ነው፤ ቅደም ተከተሉን ግን ዘንግተውታል። እንደ ስቶክሆልም ሚን ማሺንስ ያሉ ክለቦች የተመሠረቱት በ1980ዎቹ መጀመሪያ፣ ቫይኪንግስ ከመምጣቱ ከዓመታት በፊት ነው። ክለብ ማቋቋም ደግሞ ቀላል አይደለም። በአንድ ጊዜ የሚሰለፉት 11 ቢሆኑም አጥቂውና ተከላካዩ ክፍል የተለያዩ ስለሆኑ፣ ተጠባባቂ ሲጨመር 40 ያህል ሰው ያስፈልጋል፤ ለእያንዳንዱም ሄልሜትና የትከሻ መከላከያ ይገዛለታል፤ ሜዳው ወደ 110 ሜትር ስለሚረዝም ለእግር ኳስ በተሠራ የ105 ሜትር ሜዳ ላይ ልኩን ጠብቆ አይገባም። ጎረቤታችን ፊንላንድ ፌዴሬሽኗን በ1979 አቋቁማ በ1980 ሻምፒዮናዋን ጀመረች፣ በ1985 የአውሮፓ ሻምፒዮን ሆነች፤ ጎተንበርግ ከዋክብቱን ባስተናገደችበት በ1988 ደግሞ ክለቧ ሄልሲንኪ ሩስተርስ የአውሮፓ ክለቦችን ዋንጫ አነሣ። ይህን ሁሉ ያገኘችው ቫይኪንግስንም ቤርስንም ሳትጋብዝ ነው።

ከማልሞ፦
እኔ ከሁለታችሁም ጋር አልስማማም። ይህቺው ስዊድን ፕሮፌሽናል ቦክስን በ1970 በሕግ አግዳ እገዳውን ከሠላሳ ዓመት በላይ ጠብቃ ስትኖር፣ በዚያው ዘመን ወጣቶች ራስ ለራስ የሚጋጩበት ጨዋታ ያለ ብዙ ጥያቄ እንዲስፋፋ መፈቀዱ ይገርመኛል። ገንዘቡ ለግጥሚያም ይሁን ለክለብ፣ በመጀመሪያ የሕክምና ቁጥጥሩ ይነገረን።

ከጎተንበርግ፦
የቦክሱ ንጽጽር አያስኬድም፤ በቦክስ መምታቱ ራሱ ነጥብ ያስገኛል፣ እዚህ ግን ነጥብ የሚያስገኘው ኳሱን ማድረስ ነው። የሕክምና ቁጥጥር ይኑር መባሉን ግን እደግፋለሁ። ወደ ፊንላንድ ስመለስ፣ የአንዲት አገር ስኬት ታላቅ ግጥሚያ ጥቅም የለውም ለማለት አያበቃም፤ ልጅ ስፖርት የሚመርጠው ባየው ነገር ነውና።

ከስቶክሆልም፦
ልጁ ወዶት ሲመጣ የሚቀበለው ሰው ከሌለስ? ለትልቁ መድረክ ያለን ጉጉት ምን እንደሚያስከትል እኛው አይተናል፤ የ2015 የዓለም ሻምፒዮና ለስቶክሆልም ተሰጥቶ ሳለ የገንዘብ ምንጩ ስላልተሟላ ውድድሩ በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት ወደምትገኘው ካንተን ከተማ ተዛወረ። በአንጻሩ የ2010ሩ የመጀመሪያ የሴቶች የዓለም ሻምፒዮና፣ ስድስት አገሮች ብቻ የተካፈሉበት፣ እዚሁ ስቶክሆልም ተካሂዶ አሜሪካ ካናዳን 66 ለ 0 አሸንፋ ተጠናቀቀ፤ በዓቅም ልክ የታቀደ ስለነበረ ይመስለኛል። የመንግሥት የእንቅስቃሴ ድጎማ ለስፖርት ማኅበራት የሚከፈለው ከ7 እስከ 25 ዓመት ያሉ ወጣቶች በልምምድ በተገኙበት መጠን ነው፤ ወጣቱ ካልመጣ ገንዘቡም አይወጣም። ማዘጋጃ ቤቶችም በጀታቸውን በዚሁ ሚዛን ይመድቡ። የኡሌቪ ዓይነቱን ግጥሚያ የምትፈልጉ ከሆነ፣ ትኬቱንና የቴሌቪዥን መብቱን የሚሸጠው ሊግ ራሱ ይክፈልበት።