ለሳሎን የሚሆን ፕሮጀክተር፦ ሦስት ቀይሬ የደረስኩበት

ከፍኖተ ሰላም ሆነሽ «ለፊልምና ለኳስ የሚሆን ፕሮጀክተር ጠቁሙኝ» ላልሽው እህቴ፣ የራሴን ላጫውትሽ። ደብረ ማርቆስ ነኝ። እስካሁን ሦስት ቀያይሬያለሁ፤ በመጀመሪያው በደንብ ተሸውጃለሁ።

እሷ ትንሽ ነጭ ሳጥን ነበረች። ካርቶኗ «1080» ይላል፣ «9,000 ሉመን» (የብርሃን መለኪያ ነው) ይላል። ቤት አምጥቼ ኳስ ከፈትኩ። የተጫዋቾቹ ቁጥር አይነበብም፤ ሰዓቱና ውጤቱ ራሱ ጉም ለብሷል። ለካ 1080 ይቀበላል ማለት 1080 ያሳያል ማለት አይደለም! የመጣለትን ምስል በራሱ ፓነል፣ ማለትም ውስጡ ምስሉን በሚሠራው ሰሌዳ ነጥቦች ልክ ያሳንሰዋል። የኔዋ ፓነል 854 በ480 ነጥብ ነበር። ፉል ኤችዲ 1920 በ1080 ነው፤ እኔ የማየው አንድ አምስተኛውን ብቻ ነበር ማለት ነው። ስለዚህ ሱቅ ስትገቢ «ኔቲቭ ሬዞሉሽኑ (የራሱ የፓነሉ ነጥብ ብዛት) ስንት ነው?» በይ። ሻጩ «ኧረ ሁሉንም ያጫውታል» ካለሽ አመስግነሽ ውጪ። ሉመኑም አጠገቡ «አንሲ» (በታወቀ ደረጃ ተለክቷል ማለት ነው) የሚል ከሌለ አትመኚው።

ሁለተኛው ከቢሮ የወጣ ያገለገለ ዲኤልፒ የሚባል ዓይነት ነው። ውስጡ በሰከንድ ብዙ ሺህ ጊዜ የሚገለባበጡ ጥቃቅን መስታወቶች አሉ፤ ቀለሙን የሚሰጠው የሚሽከረከር ባለቀለም ጎማ ነው። ምስሉ ጥርት ያለ ነው። ግን የቢሮዎቹ ጎማ ላይ ብዙ ጊዜ ቀለም የሌለው ክፍል ይጨመራል። ለስብሰባ ነጩን ያደምቃል፤ የሜዳውን ሣር ግን ያገረጣዋል። ባለቤቴ ደግሞ ዓይኗን ስታዞር ቀስተ ደመና ብልጭ ይልባታል። እኔ ምንም ስለማይታየኝ ስስቅባት ከረምኩ። ለካ ቀለሞቹ ተራ በተራ ስለሚመጡ አንዳንድ ሰው ይለያቸዋል። ይቅርታ ጠይቄያለሁ።

አሁን ያለኝ ያገለገለ ኤፕሰን ነው፣ ኔቲቭ 1080፣ ባለ ሦስት ኤልሲዲ። ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊው በሦስት ፓነል አልፈው አንድ ላይ ስለሚወጡ ቀስተ ደመና የለም፤ ቀለሙም ሙሉ ነው። ጥቁሩ ግን ወደ ግራጫ ያደላል። እውነተኛ ጥቁር ከፈለግሽ ኤልኮስ የሚባል ሌላ ዓይነት አለ፣ ጄቪሲና ሶኒ የሚሠሩት፤ ዋጋቸው ሲነገር ግን ዝም ማለት ነው። ለእኛ ቤት የኔ ምርጫ ይሄው ኤፕሰን ነው። የአየር ማጣሪያውን ቶሎ ቶሎ አጽጂ፤ የበጋው አቧራ አይምርም።

ማንም ያልነገረኝ አንድ ነገር አለ። ማርቆስ ከባሕር ወለል ከ2,400 ሜትር በላይ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ ሙቀት ቶሎ አይወስድም። ኤፕሰን ከ1,500 ሜትር በላይ የ«ሃይ አልቲትዩድ» ሞድ ይከፈት ይላል። የናንተም አገር ከዚያ በላይ ስለሆነ ክፈቺው። ማራገቢያው ትንሽ ይጮሃል፣ ቻይው። መብራት ድንገት ሲሄድ ደግሞ የጋለ ላምፕ ሳይበርድ ይቀራል፤ መብራት ሲሄድ በባትሪ ለጥቂት ጊዜ የሚያቆይ ትንሽ ዩፒኤስ ግዢለት።

ግድግዳሽ የሚያብለጨልጭ ዘይት ቀለም ከሆነ አቡጀዲ ወጥሪ። አቡጀዲ ብርሃን ስለሚያሳልፍ ከኋላው ጥቁር ጨርቅ ደርቢበት። መጋረጃውንም ዝጊ። ፕሮጀክተር ጥቁር ብርሃን አያወጣም፤ ክፍሉ ምን ያህል ከጨለመ ጥቁሩ ያን ያህል ነው።

የት ይገዛ ላልሽው፣ አዲስ አበባ ምርጫው ሰፊ ነው። ግን ሲበላሽ አባይን ተሻግሮ መመለስ አለ። እኔ ትንሽ ጨምሬም ቢሆን ባሕር ዳር ወይም እዚሁ፣ አብርቶ ከሚያሳየኝ ሰው እገዛለሁ። የራስሽን ፊልም በፍላሽ ይዘሽ ሂጂ፤ የሌሊት ትዕይንት ያለበት ይሁን። ያገለገለ ከሆነ የላምፑን ሰዓት ሜኑ ውስጥ እዪ፤ ላምፑ ሳይቀየር ቁጥሩን ወደ ዜሮ የሚመልሱ ስላሉ ምስሉ አለመፍዘዙንም በዓይንሽ አረጋግጪ።

ሳሎንሽ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ስንት ሜትር ነው? 100 ኢንች ምስል ወርዱ 2.2 ሜትር ያህል ነው። ርቀቱን ለክተሽ ጻፊልኝና የትኛው ሞዴል እንደሚበቃሽ እነግርሻለሁ።