የዕቅድ ውይይት፦ የአያታችንን ሥዕሎች ማስመዝገብ (ረቂቅ 2)

ጸሐፊ
ረቂቅ 2 ይኸው። ሱሉልታ ያሉት 11 ሥዕሎች ፎቶ ይነሣሉ፣ ይለካሉ፣ ጀርባቸውም ይታያል። ከዚያ ለቅርስ ባለሥልጣን ማመልከቻ እናስገባለን። የመጀመሪያው አንቀጽ «በደብተራ አያታችን እጅ የተሣሉ» ይላል። መዋጮው በየቤቱ 3,000 ብር ነው፤ 14 ቤት ነን። እስከ ቅዳሜ አስተያየት ስጡ። ክረምቱ ሳይገባ እንጨርስ።

የሰበታው
ፎቶውን ለኔ ተዉት። ካሜራም መብራትም አለኝ። እሑድ ሱሉልታ እወጣለሁ።

የቡራዩው
«ደብተራ» የሚለው ይውጣ። አያታችን አለቃ ናቸው። አባቴ እስኪሞት ድረስ «አለቃ» እንጂ ሌላ ብሎ ጠርቷቸው አያውቅም።

ገንዘብ ያዥ
የከፈለው 5 ቤት ነው። 15,000 ብር። ስም አልጠራም፣ ራሳችሁን ታውቃላችሁ።

የለገጣፎዋ
አለቃ ሹመት ነው። ደብር የሚያስተዳድር ሰው ነው አለቃ የሚባለው። አያታችን የትኛውን ደብር አስተዳደሩ? ደብተራ መባል ነውር የለውም። ዜማና ቅኔ የተማረ ማለት ነው። የዚያ ዘመን ሠዓሊዎች ብዙዎቹ ደብተራዎች ነበሩ። እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነው። «በእጃቸው የተሣሉ» ብለን ልንፈርም ነው። 11ዱም የአንድ እጅ ሥራ አይመስሉኝም። ለፋሲካ ስመጣ ሁለቱን ገልብጬ አይቻለሁ። የአድዋው ጨርቅ አቡጀዲ ነው፤ ክሩ እኩል፣ የፋብሪካ። የማርያሟ ግን የእጅ ፈትል ነው። ሁለት ቁራጭ ጎን ለጎን ተሰፍቶ ነው የተሣለበት። ስፌቱ ከአንገቷ በታች ያልፋል። ቀለሙ እዚያ መስመር ላይ ተሰነጣጥቋል።

የቡራዩው
እዚህ ሰፈር ደብተራ ሲባል ሰው የሚያስበው ድግምትና ክታብ ነው። ልጆቼ የጠንቋይ ዘር እንዲባሉ አልፈልግም። ወረቀቱ መንግሥት ቤት ገብቶ ለዘላለም የሚቀመጥ ነው።

የዲሲው
አድዋው በጦርነቱ ሰሞን የተሣለ ነው፣ አባቴ ነግሮኛል። እዚህ አንድ ሰው በጥሩ ዋጋ ሊገዛው ይፈልጋል። እሱን ብንሸጥ መዋጮም አያስፈልግም። ለቀሪዎቹ 10 ይተርፋል።

ሊቀመንበር
ይህ ሁለተኛ እንዳይነሣ። በአዋጅ 209/1992 መሠረት ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም። ደግሞ የቤታችን ባለ 44 ክፍሉ የንግሥተ ሳባ ሥዕል «ለጥቂት ጊዜ» ተብሎ ወጥቶ በዚያው እንደቀረ ሁላችሁም ታውቃላችሁ።

የለገጣፎዋ
ጋሼ ልክ ናቸው። «በጦርነቱ ሰሞን» የሚለውም በማመልከቻው አይግባ። አድዋን ሠዓሊዎቻችን ከ1888 በኋላ ለብዙ ዓሥርት ዓመታት ሲሥሉት ኖረዋል። አቀማመጡ ያው ነው። ቅዱስ ጊዮርጊስ ከላይ በነጭ ፈረስ፣ ምኒልክ በጃንጥላ ሥር፣ የኛ ሰው ፊት ለፊት በሁለት ዓይን፣ ጠላት በጎን በአንድ ዓይን። ስለዚህ ታሪኩ ዘመኑን አይነግረንም። ቀለሙ ግን ይነግራል። ነጩን ባለሙያ ይመርምረው። ቲታኒየም ያለበት ነጭ በዓለም ገበያ የወጣው ከአድዋ ሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። እሱ ከተገኘበት የጦርነቱ ሰሞን ሥራ አይደለም።

የቡራዩው
ስለ ቀለም አልጠየቅሁም። አለቃ ወይስ ደብተራ?

ጸሐፊ
«ሊቅ» ብንል አያስማማም?

ገንዘብ ያዥ
ሊቅማ ለሁሉም ይባላል። «መሪጌታ» ይሁን።

የቡራዩው
መሪጌታ የሚለውን ከየት አመጣኸው? ዝም ብሎ ማዕረግ ይታደላል እንዴ?

ሊቀመንበር
እኔ ለአለቃ አደላለሁ። እንጦጦ ማርያም ውስጥ ሠርተዋል መባሉም አብሮ ይግባ። ምኒልክ በ1882 የነገሡበት ደብር ነው፤ ለስማቸው ክብር ነው።

የለገጣፎዋ
ጋሼ፣ ሠርተዋል የሚል አንድ ጽሑፍ ካለዎት ያሳዩንና እኔው ራሴ አስገባዋለሁ። ከሌለ ግን መርማሪው አንዱን ውሸት ካገኘ ሌላውንም አያምነንም።

የቡራዩው
አንቺ ሥነ ጥበብ ስለተማርሽ የቤተሰቡን አፍ ሁሉ ውሸት አደረግሽው። እናትሽ ሁለቱን ሥዕል ለገጣፎ ወስዳ ሦስት ዓመት ስታስቀምጥ የት ነበርሽ?

የለገጣፎዋ
እናቴ የወሰደቻቸው አይጥ ሊበላቸው ሲል ነው። የመለሰቻቸውም በክፈፍ አድርጋ ነው። ስለ እሷ ሁለተኛ እንዳትናገር።

የቡራዩው
እንግዲያው መዋጮዬ ይመለስልኝ። ከዚህ ነገር ወጥቻለሁ።

ሊቀመንበር
በቃ! የአንድ አያት ልጆች አይደላችሁም? ዛሬ ማንም ሌላ አይጻፍ። ነገ ቀዝቅዛችሁ ኑ።

ጸሐፊ
የሰበታው፣ እሑድ ሄድክ? ስልክህ አይነሣም።

የሱሉልታዋ
የምጽፈው በልጄ ነው። እሑድ ማንም አልመጣም። ቡና አፍልቼ እስከ 10 ሰዓት ጠብቄአለሁ።
ስለ ስሙ እኔ ልንገራችሁ። ዳዊታቸው እኔ ጋ ነው። የመጀመሪያው ቅጠል ላይ በቀይ ቀለም «ለገብርከ»፣ ለአገልጋይህ ማለት ነው፣ ብለው ከክርስትና ስማቸው ጋር ጽፈዋል። ያ ብቻ ነው። አለቃም ደብተራም አላሉም።
እዚህ ዝናብ ጀምሯል። ጣሪያው ከመድኃኔ ዓለሙ በላይ ያፈሳል። ላስቲክ አልብሼዋለሁ። ጠዋት ስገልጠው ላስቲኩ ከውስጥ አልቦት ጨርቁ ረጥቦ አገኘሁት። በነጠላዬ አደረቅሁት። ቀለሙ ነጠላዬ ላይ ቀርቷል። ትንሽ ነው፤ ሰማያዊ።

የቡራዩው
እትዬ፣ ይቅርታ። ይህን አልሰማሁም ነበር።

የለገጣፎዋ
እትዬ፣ በእግዚአብሔር ጨርቁን አይጥረጉት። ላስቲኩንም ያንሡት። ከዚያ ግድግዳ ያውርዱትና ደረቅ ክፍል ውስጥ ያቁሙት።
ሁላችሁም ይህን አንብቡ። የክርስትና ስማቸው በገብርኤሉ ሥዕል ግርጌ፣ በቀኝ ጥግ፣ ከክፈፉ ሥር ግማሹ ተደብቆ አለ። አይቼዋለሁ። የማን እንደሆነ አላወቅሁም ነበር። ማርያሟ ላይ ያለው ስም ደግሞ የእሳቸው አይደለም። ጽሑፉ «ዘአሥዓለ» ይላል፤ ከፍሎ ያሣለው ሰው ማለት ነው። እኛ የሠዓሊው ነው ስንል ኖርን። ስለዚህ አንዱን «የእጃቸው ሥራ» ብለን በእርግጠኝነት ለማመልከት በር ተከፈተልን። የዳዊቱ እጅ ጽሑፍና የገብርኤሉ ጥግ ጎን ለጎን ይነጻጸሩ። ቀሪዎቹን «በቤተሰቡ የእሳቸው ናቸው የሚባሉ» እንበል።

ገንዘብ ያዥ
ስንት ቆርቆሮ ያስፈልጋል?

የሱሉልታዋ
አናጢው 20 ብሏል። ምስማሩና ሞራሌው ለብቻ ነው።

ገንዘብ ያዥ
15,000ው አይበቃም። ያልከፈላችሁ 9 ቤቶች እስከ ዓርብ ክፈሉ። ባለ 32 ጌጅ ይሁን፣ ቀጭኑ ሁለት ክረምት አይዘልቅም።

የዲሲው
የቆርቆሮውን ግማሽ እኔ እልካለሁ። የሥዕሉን ሽያጭ ነገር ትቼዋለሁ።

የቡራዩው
መዋጮዬ አይመለስ። ፒካፕ አለኝ፤ ቅዳሜ ጭኜ አወጣዋለሁ። ግን ቀለም ይቀባ ወይስ እንዲሁ ይቅር? አረንጓዴ ብንቀባው ከመንገድ ያምራል።

ሊቀመንበር
አረንጓዴ ይሁን። በዚያው አጥሩም ይታይ፣ ወድቋል።

ጸሐፊ
ረቂቅ 3፦ አንደኛ ጣሪያ፣ ሁለተኛ አጥር፣ ሦስተኛ ምዝገባ። ምዝገባው ከመስከረም በኋላ ይሁን። ማዕረጉን ባዶ ትቼዋለሁ።

የለገጣፎዋ
መስከረም ሩቅ ነው። ጣሪያው ሲነሣ ሥዕሎቹ መውረዳቸው አይቀርም፤ ገብርኤሉ ከክፈፉ የሚወጣው ያን ቀን ነው። የሰበታውን አልጠብቅም። በስልኬም ቢሆን አነሣዋለሁ። እትዬ፣ ቅዳሜ ጠዋት ዳዊቱን ያውጡልኝ።

የሱሉልታዋ
ነይ። ከ2 ሰዓት በፊት ድረሺ። ፀሐይ በመስኮቱ የምትገባው ያኔ ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ደመና ነው።